የቦርዶ ጥለትና የላፕቶፕ ስክሪን

ሸማ ተራ ያለ ነጋዴ ቦርዶ ጥለት ያለውን ነጠላ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ሲለቅ፣ ፎቶውን መጀመሪያ ላፕቶፕ ላይ የሚያሳምርለት ልጅ ካለ ቀለሙ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚያው ላፕቶፕ ላይ ነው። መርካቶ ውስጥ በአቅም የሚገዙት ያገለገሉ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ለቢሮ ሥራ የተሠሩ ናቸው። ርካሽ ስክሪን ደግሞ ኤችፒና ማይክሮሶፍት በ1996 ያወጡትን ኤስአርጂቢ የተባለ መደበኛ የቀለም ክልል ሙሉውን አያሳይም፤ ሲሶ ያህሉ ሊጎድለው ይችላል። ቀዩ ይፈዛል፣ ወደ ብርቱካንማም ያደላል። ልጁ ፈዘዘብኝ ብሎ ቀዩን ይጨምራል፤ ዋሽንግተን ያለችው ደንበኛ ስልኳ ላይ የሚጮህ ቀይ ታያለች።

በዓይን ማስተካከል አያዋጣም። ዓይን ይለምዳል፤ ሰማያዊ ያየለበትን ነጭ ጥቂት ደቂቃ ካፈጠጡበት ነጭ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ተደግፎ ቀለሙን የሚያነብ ኮሎሪሜትር የሚባል መለኪያ ያስፈልጋል። ሊኑክስ ላይ ልኬቱን የሚሠራው አርጂል ሲኤምኤስ የተባለው የግሬም ጊል ፕሮግራም ነው፤ ትእዛዝ መጻፍ ለማይወድ ሰው ዲስፕሌይካል አለለት። ከመለካቱ በፊት ማታ የስክሪኑን ቀለም የሚያሞቀው ናይት ላይት ይጠፋል፣ ስክሪኑም ግማሽ ሰዓት ያህል በርቶ ይቆያል።

ከልኬቱ ሁለት ነገር ይወጣል፤ ሰውም የሚያምታታው እነዚህን ሁለቱን ነው።

አንዱ እርማቱ ነው፤ የስክሪኑን ቀለም ራሱን የሚያስተካክለው። ላፕቶፕ ብርሃኑን ከመጨመርና ከመቀነስ በቀር፣ እንደ ዴስክቶፕ ሞኒተር ሦስቱን ቀለማት ለየብቻ የሚያስተካክሉበት ሜኑ አብዛኛውን ጊዜ የለውም። የስክሪኑ ነጭ ወደ ሰማያዊ ካደላ፣ ወደ መደበኛው 6500 ኬልቪን ለማምጣት ሰማያዊው በግራፊክስ ካርዱ በኩል መቀነስ አለበት። ወደ 85 በመቶ ቢወርድ ከ256 እርከኖች 217 ያህሉ ይቀራሉ፤ ቀስ እያለ በሚደበዝዝ ጀርባ ላይ መስመር መስመር ሊታይ ይችላል። ጨርቁን ከስክሪኑ ጎን አድርጎ የማያመሳክር ሰው ነጩን እንዳለ ቢተወው ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ሌላው ፕሮፋይሉ ነው፤ የስክሪኑ ጠባይ የተመዘገበበት ፋይል። ጊምፕ፣ ክሪታና ዳርክቴብል የተባሉት የምስል ፕሮግራሞች ፎቶውን በዚህ ፋይል አሰልተው ያሳያሉ። ፋይሉን የማያነብ ፕሮግራም ግን ያንኑ ፎቶ በሌላ ቀለም ያሳየዎታል። ፕሮፋይሉ ስክሪኑ የሌለውን ቀይ አይፈጥርለትም። ሆኖም ጊምፕ ውስጥ ከስክሪኑ አቅም በላይ የሆኑት ቀለማት ምልክት እንዲደረግባቸው ማዘዝ ይቻላል። የጥለቱ ቀይ ምልክት ከገባበት፣ ልጁ እጁን ከቀዩ ላይ ያንሳ፤ ያየው መፍዘዝ የስክሪኑ እንጂ የፎቶው ላይሆን ይችላል።

ኡቡንቱ ሴቲንግ ውስጥ ከለር የሚለውን ሲከፍቱ፣ ሳይለኩ የተገኘ ፕሮፋይል ሊያዩ ይችላሉ። እሱ ስክሪኑ ውስጥ ፋብሪካው ካስቀመጠው መረጃ የተወሰደ ስለሆነ ከምንም ይሻላል እንጂ የእርስዎን ስክሪን አልለካም። ስክሪኑ ተሰብሮ ከተቀየረ ደግሞ በአሮጌው ላይ የተለካው ፕሮፋይል አይሠራም።

መብራቱም የራሱ ጣጣ አለው። የሱቅ አምፖል ሥር የታየ ክር ፀሐይ ላይ ሌላ ነው፤ ጠንቃቃ ገዢ ጨርቁን ይዞ ወደ በር የሚወጣውም ለዚህ ነው። ፎቶው እዚያው በር ላይ ይነሳ፤ ሲያልቅም በኤስአርጂቢ ይቀመጥ። መለኪያው ለአንድ ሱቅ ከተወደደ ጎረቤታሞች አዋጥተው ቢገዙት በየሁለት ሦስት ወሩ ተራ በተራ ይለኩበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ፕሮፋይሉ ስለሆነ ዕቃው ላፕቶፑ ላይ ተሰክቶ መቆየት የለበትም።