ከመንገድ መሐንዲስነት እስከ ምክትል ገዥነት፦ አሩና ሚለርና የእኛ ባዶ ሣጥን

ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ እስካለው መሥሪያ ቤቴ በየቀኑ እነዳለሁ። መንገዱን የምጨርሰው የአዲስ አበባን ወሬ እየሰማሁ ነው። ማን ተሾመ፣ ማን ተነሳ፣ ዶላር ስንት ገባ እያልኩ የዊልሰን ድልድይን ተሻግሬ ቨርጂኒያ እገባለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ተማሪው የአክስቴ ልጅ ቤቴ መጥቶ "ጋሼ፣ የሜሪላንድ ምክትል ገዥ ማነው?" ብሎ ጠየቀኝ። የአዲስ አበባን ክፍለ ከተሞች አንድ በአንድ የምቆጥረው ሰውዬ ዝም አልኩ።

ማታ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ወይዘሮ አሩና ሚለር በ1964 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ሕንድ አገር፣ ሃይደራባድ ተወለዱ። አባታቸው የአይቢኤም መሐንዲስ ነበሩ። በ1972 ቤተሰቡ ኒውዮርክ ስቴት ሲገባ ልጅቷ 7 ዓመቷ ነበር፤ በረዶ ሲወርድ አይታ ለእሷ አቀባበል የተበተነ ወረቀት መስሏት እንደነበር ዛሬም ይናገራሉ። እኔ ዳላስ አየር ማረፊያ የወረድኩ ቀን በረዶውን ሳይ የታሰበኝ ሹራቤ ብቻ ነበር።

ሚዙሪ ሲቪል ምሕንድስና ተምረው በ1990 ወደ ሜሪላንድ መጡ። ከዚያ በኋላ ለ25 ዓመታት ያህል የሞንትጎመሪ ካውንቲ የትራንስፖርት መሐንዲስ ነበሩ። የእኛው ካውንቲ! እናቶቻችን ጋሪያቸውን እየገፉ ጆርጂያ አቬኑን የሚሻገሩበት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ፓርኪንግ ፍለጋ የምንዞርበት ካውንቲ ማለት ነው። እዚህ አገር ፖለቲካ ማለት በአብዛኛው ይኸው መንገድ፣ ትምህርት ቤትና የቤት ግብር ነው።

ዜግነት ያገኙት በ2000 ነው። በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ድምፃቸውን ሰጡ። ያ ምርጫ ፍሎሪዳ ላይ በ537 ድምፅ ልዩነት የተወሰነው ነው፤ ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን አይተን ተገርመን አልፈነዋል። እሳቸው ግን የአካባቢያቸው ዴሞክራቶች ዘንድ ሄደው ሥራ ገቡ። በ2010 ራሳቸው ተወዳድረው 141 አባላት ያሉት የሜሪላንድ ምክር ቤት ገቡ። ምክር ቤቱ መደበኛ ጉባኤውን የሚያካሂደው በዓመት 90 ቀን ነው፤ ስለዚህ አብዛኛው አባል ሌላ ሥራ አለው። ወይዘሮ አሩናም የመሐንዲስነት ሥራቸውን ይዘው ነበር አናፖሊስ የሚመላለሱት። በ2018 ለኮንግረስ ተወዳድረው፣ ከራሱ ኪስ ሚሊዮኖች ባፈሰሰ ነጋዴ ተሸነፉ። በ2022 ከዌስ ሙር ጋር ተጣምረው አሸነፉና በጥር 2023 ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

ድልድዩን ስሻገርም ሌላ የሃይደራባድ ልጅ አለች። የቨርጂኒያዋ ጋዛላ ሐሽሚ እዚያው ከተማ፣ በዚያው በ1964 ነው የተወለዱት። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህርት ነበሩ። በ2019 ሴኔት ገቡ፣ በኅዳር 2025 ምክትል ገዥ ሆነው ተመረጡ። እንግዲህ የምኖርበትም የምሠራበትም ስቴት ምክትል ገዥ ከአንድ ከተማ የመጡ ስደተኞች መሆናቸው ነው፣ እኔ ደግሞ የሁለቱንም ስም አላውቅም ነበር።

ይህን ለጓደኞቼ ሳወራ መልሱ ወዲያው መጣ፦ "ሕንዶች ብዙ ናቸው፣ ገንዘብ አላቸው።" እውነት አለው። ግን በሕንዶች ድምፅ ብቻ ሜሪላንድን የሚያሸንፍ የለም፤ 2018 ላይ ደግሞ በገንዘብ የተበለጡት እሳቸው ናቸው። እኔን የከነከነኝ ከ2000 እስከ 2010 ያለው አሥር ዓመት ነው። ማንም ካሜራ ይዞ የማይመጣባቸው ስብሰባዎች ያሉበት አሥር ዓመት። እኛ አሥር ዓመት የምንሰበሰበው ለዕቁብ ነው። ለአገር ቤት ጉዳይ ሲሆን ደግሞ በአንድ ምሽት አዳራሽ እንሞላለን፤ ይህን አልነቅፍም፣ እኔም ከፊት ወንበር ነኝ።

የራሴን ጉድ ልናገር። ዜጋ ከሆንኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ለመራጭነት ስመዘገብ ፎርሙ "ፓርቲ" ይላል። ባዶ ተውኩት። አባቴ "ስምህን የፓርቲ መዝገብ ላይ እንዳታስገባ" እያለ ነው ያሳደገኝ፤ ምክንያቱን አገር ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሜሪላንድ ላይ ግን የፓርቲዎቹን ዕጩ የሚመርጡት በፓርቲው የተመዘገቡ ብቻ ናቸው። ሞንትጎመሪ ደግሞ የዴሞክራት አገር ስለሆነ፣ የዴሞክራት ዕጩ የሆነ ሰው ኅዳር ላይ ያለቀለት ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድምፅ ስሰጥ የኖርኩት ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ነበር። ቨርጂኒያ ያላችሁ በዚህ ዕድለኞች ናችሁ፤ እዚያ ሲመዘገቡ ፓርቲ አይጠየቅም። ግን የገዥ ምርጫው የፕሬዚዳንት ምርጫ በሌለበት ጎዶሎ ዓመት ስለሚውል፣ ስንቶቻችን እንደምናስታውሰው እግዜር ይወቀው።

እሑድ ማታ ያንን ባዶ ሣጥን በኢንተርኔት ሞላሁት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም፤ እጄ ግን ትንሽ ተንቀጥቅጧል፣ አልዋሽም። የአክስቴ ልጅ አጠገቤ ሆኖ ያየኝ ነበር። እሱ ዜጋ አይደለም፤ የተከራየው ክፍል ግን ታኮማ ፓርክ ነው። ከተማዋ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለከንቲባዋና ለምክር ቤቷ ምርጫ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም ድምፅ እንዲሰጥ ትፈቅዳለች። ይህን ስነግረው አላመነኝም።

"እኔ? በተማሪ ቪዛ?"

ስልኩን አውጥቶ መፈለግ ጀመረ።