በሌሊት የተነሱ ባቡሮችና የአባቴ ጆሮ

ልጄ የምትኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጠይቃት ሄጄ ሳለ ስምንት ዓመት የሞላው የልጅ ልጄ ባቡር ካላየሁ ብሎ አስቸገረን። ቤቱን ሁሉ በመጫወቻ ሐዲድ ሞልቶታል፤ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ ስንት ጊዜ ፉርጎ እንደረገጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ቅዳሜ ማለዳ መኪና ውስጥ ገባንና አራት ሰዓት ያህል ተጉዘን ሮኖክ ደረስን፤ በተራራ የተከበበች የባቡር ከተማ ናት። የድሮው የመንገደኞች ጣቢያዋ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የአንድ ፎቶግራፍ አንሺ ሥራዎች የሚታዩበት ሙዚየም ሆኗል። እኔ የሄድኩት ልጁ ደስ እንዲለው ብዬ ነበር።

ሰውየው ኦ. ዊንስተን ሊንክ ይባላል። በ1914 ብሩክሊን ተወለደ፣ ሲቪል ምሕንድስና ተማረ፣ እንጀራው ግን ለድርጅቶች የማስታወቂያ ፎቶ ማንሳት ሆነ። በጥር ወር 1955 ለአንድ የአየር ማቀዝቀዣ አምራች ሥራ ወደ ቨርጂኒያ መጣ። በአካባቢው የሚያልፈው ኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን የተባለው የባቡር ኩባንያ ሌሎቹ ሁሉ ወደ ናፍጣ ሞተር ሲዞሩ እሱ ገና በእንፋሎት ይሠራ ነበር፤ ባቡሮቹንም እዚያው ሮኖክ ባለው ፋብሪካው ነበር የሚሠራቸው። ሊንክ ቀናቸው የተቆጠረ መሆኑን ተረዳ። ከኩባንያው ፕሬዚዳንት ፈቃድ አገኘ እንጂ ማንም ደመወዝ አልከፈለውም። በራሱ ገንዘብ አምስት ዓመት ተመላለሰ፣ 2,400 ገደማ ፎቶዎች አነሳ። በ1960 የመጨረሻው የእንፋሎት ባቡር ቆመ።

አብዛኞቹን ያነሳቸው በሌሊት ነው። ፀሐይንም ሐዲድንም ከቦታቸው ማንቀሳቀስ አይቻልም፤ ጨለማ ውስጥ ግን ብርሃኑን እንደፈለጉ መትከል ይቻላል። አንዴ በርታ የምትቃጠል የፍላሽ አምፖል በደርዘኖች ይደረድርና በሽቦ ያያይዛቸዋል። አንዷ እምቢ ካለች ሁሉም አይበሩም፤ ባቡሩ ደግሞ ተመልሶ አይመጣለትም። ቀኑን ሙሉ ሽቦ ሲዘረጋ ውሎ አንዲት ቅጽበት መጠበቅ ማለት ነው።

ከሥዕሎቹ ሁሉ ታዋቂው በ1956 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ የተነሳው ነው። ሰዎች መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ከቤት ውጭ ሲኒማ ያያሉ፤ በሸራው ላይ የጦር አውሮፕላን ይበራል፤ ከኋላ ነጭ ጭሱን እየለቀቀ ባቡሩ ያልፋል። የአምፖሎቹ ብርሃን ሸራውን ባዶ አድርጎበት ስለነበር አውሮፕላኑን ለብቻው አንስቶ በኋላ ጨመረበት። የልጅ ልጄ ይህን ሲሰማ "ታዲያ አጭበርብሯል ማለት ነዋ!" አለኝ። እኔም ትንሽ እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

እኔን የያዙኝ ሌሎቹ ናቸው። ልጆች ወንዝ ውስጥ በሌሊት እየዋኙ ባቡር በድልድዩ ላይ ሲያልፍ አለ (እንደ ነርስ ያንን ሁሉ ሽቦ በውሃ ዳር ሳስበው ሆዴ ቦጭ አለ)። ሰዎች ሳሎናቸው ውስጥ ተቀምጠው በመስኮቱ ለሚያልፈው ባቡር እጃቸውን ሲያውለበልቡ አለ። ግሪን ኮቭ በምትባል የገጠር ጣቢያ ደግሞ ጋሪ የምትጎትት ፈረስ ባቡሩ ፊት አንገቷን ደፍታ ቆማለች፤ ይቺ በቀን የተነሳች ናት። የልጅ ልጄ እዚያ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ደግሞ ሠራተኞቹ አሉ፤ ከእነሱ ብዙ እጥፍ የሚበልጠውን ሞተር የሚያጥቡ፣ ዘይት የሚቀቡ። ሁሉም ባዶ ጆሯቸውን ናቸው።

አባቴ ድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። እኔ ሳልወለድ በፊት በእንፋሎት ባቡር ላይ እሳት አንዳጅ ነበር፤ በ1950ዎቹ የናፍጣ ሞተሮች ሲመጡ ወደ ጥገናው ወርክሾፕ ተዛወረ። እኔ የማውቀው ዝም ያለ ሰው ነው። ወንድሞቼ ሲጠሩት ይመልሳል፤ እኔ ስጠራው አይመልስም። አንድ ቀን የክፍል ውጤቴን ይዤ እየሮጥኩ ገብቼ "አባዬ፣ አንደኛ ወጣሁ!" ብዬ ከኋላው ጮህኩ። ቀና እንኳን አላለም። ሴት በመሆኔ ነው ብዬ ደመደምኩ። ያንን ይዤ አደግሁ፣ ያንን ይዤ ተዳርኩ፣ ያንን ይዤ ቀበርኩት።

ከሙዚየሙ ስንወጣ ልጄ መኪና ውስጥ ከስልኳ አንድ ድምፅ ከፈተች። ሊንክ ፎቶ ብቻ ሳይሆን የባቡሮቹን ድምፅም ቀድቶ በሸክላ አሳትሟል። ይሄኛው በ1957 የፈረንጆች ገና ዋዜማ፣ ሩራል ሪትሪት በምትባል ትንሽ ከተማ የተቀዳ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን የገና ዜማ ከሩቅ ይሰማል፣ ከዚያ ባቡሩ ይመጣል። ልጁ "እማማ፣ ድምፁን ቀንሺልኝ፣ ጆሮዬን አመመኝ" አለ። እኔ ግን ደርቄ ቀረሁ።

ነገሩን ተምሬዋለሁ እኮ። በሥራ ቦታ ጩኸት የሚመጣ የጆሮ መድከም በነርስነት ትምህርቴ ፈተና ላይ የጻፍኩት መልስ ነው። በቀን ለስምንት ሰዓት ከ85 ዴሲቤል በላይ የሆነ ጩኸት ከዓመት ዓመት የውስጥ ጆሮን ስስ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ይገድላል፤ የሞቱት አይተኩም። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ወፍራሙን የወንድ ድምፅ የሚሰማ ሰው የሴትንና የሕፃን ድምፅ፣ በተለይ ከኋላ ሲመጣ፣ ላይሰማ ይችላል። ወንድሞቼ ድምፃቸው ወፍሮ ነበር። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ስንቱን በሽተኛ "ጆሮህ እንዴት ነው?" ብዬ ጠይቄያለሁ፤ የገዛ አባቴን አንድም ቀን አልጠየቅሁትም።

እናንተም ቤት መልስ የማይሰጥ አያት ካለ "ነጭናጫ ሆኗል"፣ "ንቆን ነው" ከማለታችሁ በፊት ጆሮውን አስመርምሩለት። መጮህ ብዙ አይረዳም፤ ጩኸት ንግግሩን ያዛባዋል። ፊት ለፊት ሆናችሁ፣ አፋችሁ እየታየ፣ ቴሌቪዥኑን ዘግታችሁ፣ ረጋ ብላችሁ አናግሩት። ልጆቹም ጆሯቸው ላይ የሚለጥፉትን ማዳመጫ ቀንሱላቸው፤ የኛው ልጅ ባቡሩን ቀንሺልኝ ይላል እንጂ የራሱን ጨዋታ ሲያዳምጥ እኔ ከማዶ ይሰማኛል።

ያን ምሽት የልጅ ልጄ "ያንቺ አባት ፎቶ የት አለ?" አለኝ። የለኝም። ሊንክ የማያውቃቸውን ሰዎች አምስት ዓመት ሙሉ በገዛ ገንዘቡ ሲያነሳ፣ እኛ ስድስት ልጆች ሆነን አባታችንን ከሐዲድ አጠገብ የሚያሳይ አንድ ፎቶ አላስቀመጥንም። የእሱም ሥዕሎች ቢሆኑ በትልልቅ አዳራሾች መታየት የጀመሩት ከሃያ ዓመታት በኋላ፣ በ1983 ነው። በ2001 እስኪሞት ድረስ ስሙን ለመስማት በቃ፤ በ1999 እንዲያውም በአንድ ፊልም ላይ የባቡር ነጂ ሆኖ ታይቷል።

ድሬዳዋ ላለው ታላቅ ወንድሜ ደወልኩለት። እሱም ዛሬ ዕድሜው ገፍቷል፤ ሁለቴ ሦስቴ ደጋገምኩለት።

"የአባባ መታወቂያ አለ" አለኝ። "የመሥሪያ ቤቱ። እናታችን ሳጥን ውስጥ ነበር።"

በማግስቱ የወንድሜ ልጅ በስልክ ላከችልን። የጥፍር ያህል ፎቶ ናት፤ ማኅተሙ ግማሽ አገጩን ሸፍኖታል። የልጅ ልጄ በኮምፒውተሩ አጉልቶ አተመውና ከሐዲዱ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ጆሮዎቹ ትልልቅ ነበሩ ለካ።