አራስ ቤት ከመግባት በፊት የትኛው ዕዳ ይቅደም?

ደመወዝ በወጣ ቀን የተቆራጩን ዓምድ ከላይ እስከ ታች የምታነብ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ በልቧ ስሌት ትሠራለች። ግብር ተቆርጧል፣ ጡረታ ተቆርጧል፣ የቁጠባና ብድር ማኅበሩም ድርሻውን ወስዷል። ቤት ስትደርስ ደግሞ እቁብ አለ፣ የሱቅ ዱቤ አለ፣ ባለፈው ወር በስልክ የወሰዱት ብድር አለ። ከዚህ ሁሉ በሚተርፈው ገንዘብ ላይ ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ነፍስ ይጨመራል።

ብዙ ባልና ሚስት እዚህ ላይ ሲደርሱ «ልጁ ሳይመጣ ዕዳችንን ሁሉ እንጨርስ» ይላሉ። ሐሳቡ የኃላፊነት ሐሳብ ነው፤ የሚመሰገንም ነው። ችግሩ ያላቸውን ጥሬ ገንዘብ አሟጠው አራስ ቤት ባዶ እጃቸውን መግባታቸው ላይ ነው። ሕፃኑ አንድ ሌሊት ሲያተኩሰው ወይም እናቲቱ በቀዶ ጥገና እንድትወልድ ሲወሰን፣ ከከፈሉት ዕዳ በብዙ እጥፍ የከበደ አዲስ ዕዳ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ከወሊድ በፊት ባሉት ወራት ጥያቄው «ስንት ዕዳ አለብን?» ብቻ ሊሆን አይገባም። «የትኛው ዕዳ በየወሩ ምን ያህል ይወስድብናል? የሚያበቃውስ መቼ ነው?» የሚለው ይበልጥ ይጠቅማል።

አምስት ዕዳ በአንድ ጣሪያ ሥር

ለማስረዳት ያህል አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖሩ፣ ሁለቱም የግል ድርጅት ተቀጣሪ የሆኑ ባልና ሚስት እናስብ። እርግዝናው ሁለት ወር ሆኖታል፤ ለመውለድ ሰባት ወር ይቀራል። ያለባቸው ዕዳ እንዲህ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር በ13 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ከወሰዱት ብድር 72,000 ብር ቀርቷል፤ በየወሩ 4,000 ብር ይቆረጣል። እቁባቸውን አስቀድመው ስለበሉ በወር 2,500 ብር እየጣሉ ስምንት ዙር ይቀራቸዋል፤ ይህም 20,000 ብር ነው። በስልክ የወሰዱት 6,000 ብር አለ፤ በየወሩ 5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ እየከፈሉ ያድሱታል። የሰፈሩ ሱቅ 4,500 ብር ዱቤ በደብተሩ ጽፎባቸዋል። ከወንድም የተበደሩት 15,000 ብርም አለ፤ ወለድም ቀነ ገደብም የለውም።

ድምሩ 117,500 ብር ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ትልቁን፣ ማለትም የማኅበሩን ብድር፣ ለማጥፋት ይሮጣል። ዋጋቸውን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ግን ሥዕሉ ይገለበጣል። በወር 5 በመቶ የሚከፈልበት የስልክ ብድር ዓመቱን ሙሉ ሲታደስ በዓመት 60 በመቶ ማለት ነው፤ ከማኅበሩ ብድር ከአራት እጥፍ በላይ ይከብዳል። ስልክ ላይ የምናያት «5 በመቶ» ትንሽ የምትመስለው ለአንድ ወር ብቻ ስለተነገረች ነው። እንደ ቴሌብር መላና እንደኪሴ ያሉ አገልግሎቶች ለድንገተኛ ቀን ትልቅ ረዳት ናቸው። ሆኖም ማንኛውም የአጭር ጊዜ ብድር በየወሩ እየታደሰ ወደ ቋሚ የወር ወጪ ሲለወጥ ቤቱን ሳያስነግር ያደኸያል። ስለዚህ የማንኛውንም ብድር ወርሃዊ ክፍያ በ12 አባዝቶ ማየት መልመድ ያስፈልጋል።

አራጣ ከሆነ ደግሞ ከሁሉም ይቅደም። በወር ከመቶ አሥር የሚከፍል ሰው በዓመት ከተበደረው በላይ ወለድ ብቻ ከፍሎ ዋናው ዕዳ እንዳለ ይጠብቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች መካከል በሚደረግ የብድር ውል ተዋዋዮቹ ከ12 በመቶ የበለጠ ዓመታዊ ወለድ እንዳይስማሙ ይከለክላል፤ አራጣ በወንጀል ሕጉም ያስቀጣል። እንዲህ ዓይነት ዕዳ ያለበት ቤተሰብ አፍሮ ከመደበቅ ይልቅ የሕግ ምክር ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ዕዳን መደበቅ ስንል ሌላም ነገር አለ። ባል ከሚስቱ፣ ሚስት ከባሏ የሸሸጉት ዕዳ በብዙ ቤት አለ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለትዳሩ ጥቅም ሲባል የተገባን ዕዳ የሁለቱም የጋራና የአንድነት ዕዳ ያደርገዋል። እንግዲህ ሁለቱንም የሚያስጠይቅ ነገር ሁለቱም ሊያውቁት ይገባል። የዝግጅቱ የመጀመሪያ ቀን ሁለቱም ሁሉንም ዕዳ አንድ ወረቀት ላይ የሚጽፉበት ቀን ነው።

የ14,000 ብሩ ጥያቄ

ባልና ሚስቱ መደበኛ ወጪያቸውንና ክፍያቸውን ሁሉ ሸፍነው በወር 3,500 ብር ይተርፋቸዋል እንበል። በሰባት ወር 24,500 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የስልኩ 6,000 ብር ይዘጋ። በየወሩ ለማደሻ ይወጣ የነበረው 300 ብር ለሕፃኑ ልብስና ለአራስ ቤት ዕቃ ይዋል።

ቀጥሎ የሱቁ ዱቤ ይዘጋ። ወለድ የለውም፤ ታዲያ ለምን እንቸኩላለን? የሰፈር ዱቤ ለቤቱ የመጨረሻ መጠባበቂያ ስለሆነ ነው። አራስ ቤት ዱቄት፣ ዘይት ወይም ስኳር ድንገት ሲያልቅ ባለሱቁ ደብተሩን በፈቃደኝነት የሚከፍተው የቀድሞው ገጽ የተሰረዘ እንደሆነ ነው። 4,500 ብሩን መክፈል ችግር በሚመጣበት ወር የሚከፈት በር ማዘጋጀት ነው።

እነዚህ ሁለቱ ሲዘጉ 14,000 ብር ይቀራል። ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች ይህን ገንዘብ ወስደው ለማኅበሩ ይከፍሉታል። ምን ይገኝበታል? 72,000 ብር በወር 4,000 እየተከፈለ ለመጨረስ 20 ወር ገደማ ይፈጃል። 14,000 ብር ዛሬውኑ በአንድ ጊዜ ቢከፈል ወደ 16 ወር ይወርዳል። ወርሃዊው ተቆራጭ ግን በአብዛኛው እንደነበረው 4,000 ሆኖ ይቀጥላል። እፎይታው የሚመጣው ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ሕፃኑ ግን ዳይፐር የሚፈልገው ዘንድሮ ነው።

ገንዘቡ በባንክ ቢቀመጥስ? ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ለቁጠባ በወሰነው ዝቅተኛ የ7 በመቶ ወለድ እናስላው። ለማኅበሩ 13 እየከፈሉ ከባንክ 7 ሲቀበሉ ልዩነቱ 6 በመቶ ነው፤ በ14,000 ብር ላይ በዓመት 840፣ በወር 70 ብር። ይህ ገንዘቡን በእጅ የማቆየት ዋጋ ነው። በአንጻሩ ገንዘቡን ለማኅበሩ ከፍለው በጭንቅ ቀን 14,000 ብር በወር 5 በመቶ ቢበደሩ በየወሩ 700 ብር ይወጣሉ። በወር 70 ብር የሚያስከፍል መድን ለአንድ አራስ ቤት ውድ አይደለም።

የወንድም ዕዳም አለ። ወለድ ስለሌለው ለመጨረሻ ይቆይ፤ ዝም ግን አይባል። ወንድምን የሚያስቀይመው ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ነገሩ በግልጽ አለመነገሩም ነው። «ከወሊድ በኋላ ከዚህ ወር ጀምረን በወር ይህን ያህል እንከፍልሃለን» ብሎ ጽፎ መስጠት ዝምድናን ይጠብቃል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ እንዲሆን የፍትሐ ብሔር ሕጉም ይፈልጋል።

ከባዱ ወር አራተኛው ነው

አብዛኛው ሰው የሚዘጋጀው ለወሊዱ ቀን ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ለሚወልዱ ግን የእርግዝና ክትትሉ፣ ወሊዱና የሕፃኑ ክትባት ያለ ክፍያ የሚሰጡ ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። በእነዚያ ወራት ደመወዙ አይቋረጥም፤ የሚቀረው የትርፍ ሰዓት ክፍያና ሥራ ላይ በመገኘት ብቻ የሚገኝ ጥቅም ነው። አያት ወይም እህት መጥታ ታርሳለች፤ አራስ ጠያቂም ባዶ እጁን አይመጣም።

ገንዘቡ የሚጠብበት ጊዜ ፈቃዱ ሲያልቅ ነው። የጤና ባለሙያዎች ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራሉ፤ የእናቲቱ ፈቃድ ግን በሦስት ወር ያበቃል። ሕጉ ለአባት የሚሰጠው ሦስት ቀን ነው። በአራተኛው ወር እናቲቱ ወደ ሥራ ስትመለስ የሞግዚት ደመወዝ ይጀምራል፣ ምናልባትም የጣሳ ወተት ይጨመራል፤ ልታርስ የመጣችውም አያት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። እነዚህ በየወሩ የሚደጋገሙ ወጪዎች ናቸው፤ በአንድ ጊዜ ስጦታም አይሸፈኑም።

አሁን ወደ እቁቡ እንመለስ። ስምንት ዙር የቀረው እቁብ ሕፃኑ በተወለደ አንድ ወር ውስጥ ያበቃል። ከዚያ በኋላ በየወሩ 2,500 ብር ነፃ ይወጣል፤ ሞግዚት ከመምጣቷ በፊት ባሉት ሁለት ወራት ብቻ 5,000 ብር ይጠራቀማል። እቁቡ ሲያልቅ ወዲያው ወደ ሌላ እቁብ መግባት ልማዳችን ነው፤ በዚያ ሰሞን ግን ሊቆም የሚገባው ልማድ ነው። ያ ገንዘብ ለሞግዚቷ ተመድቧል።

ዋጋ ንረቱ በየትኛው ወገን ነው?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ዳይፐርና የጣሳ ወተት ራሳቸው ወይም ጥሬ ዕቃቸው ከውጭ ስለሚመጣ ይህ ለውጥ በቀጥታ አራስ ቤት ይገባል። አንዳንዶች «ዋጋ ከናረ ዕዳ ይቀልላል» ይላሉ። ትክክል የሚሆነው ደመወዝ ከዋጋው ጋር አብሮ ከጨመረ ብቻ ነው። ደመወዙ ባለበት ለቆመ ሠራተኛ 4,000 ብሯ ያቺው 4,000 ብር ናት፤ ከእሷ የሚተርፈው ገንዘብ የሚገዛው ነገር ግን እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ከመጠባበቂያው የተወሰነውን ቀስ በቀስ ወደማይበላሽ ዕቃ መለወጥ ብልህነት ነው። ዳይፐር ሲገዛ ግን አንዱን መጠን ብቻ ማከማቸት አይገባም፤ ሕፃን ቶሎ ያድጋል።

ድግሱና የማኅበሩ ደብተር

ክርስትናው ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ነው፤ ሁለቱም በወሊድ ፈቃዱ ውስጥ ይውላሉ። ጥምቀቱ ራሱ ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ አይከትም። ዕዳ የሚያስገባው በሬውና ድንኳኑ፣ የመጠጡም ወጪ ነው። በሙስሊሙ ዘንድም አቂቃ አቅም ለሌለው ግዴታ አለመሆኑን ዑለማዎች ያስተምራሉ። ከዘመድ ወዳጅ ጋር ደስታን መካፈል የሕይወታችን ጌጥ ነው፤ እኔም እንዲቀር አልመኝም። ነገር ግን ለአንድ ቀን ድግስ የተወሰደ ብድር በአራተኛው ወር ከሞግዚቷ ደመወዝ ጋር ይሻማል። ዘንድሮ በአንድ ገበታ ጸበል ጻዲቅ ማለፍ፣ ለጠያቂም «ልብስ አትግዙ፣ ዳይፐር ይበቃናል» ብሎ መንገር ነውር የለበትም።

አሠሪዎችና የቁጠባ ማኅበራትም ሊሠሩት የሚችሉት ነገር አለ። አዋጁ ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ገንዘብ ከሲሶው እንዳይበልጥ ያዛል። ይህ ጣሪያ ነው፤ ከጣሪያው በታች ደግሞ ርኅራኄ የሚሠራበት ቦታ አለ። ማኅበራት ለወለደች አባል የሦስት ወር የእፎይታ ጊዜ ቢሰጡ፣ በእነዚያ ወራት ወለዱን ብቻ ብትከፍልስ? በምሳሌያችን ቤተሰብ አራተኛው ወር ሲደርስ የማኅበሩ ቀሪ ብድር ወደ 38,000 ብር ወርዷል፤ የወር ወለዱ 410 ብር ገደማ ነው። እናቲቱ ከ4,000 ብር ይልቅ ይህን ብቻ ብትከፍል ወደ 3,600 ብር የሚጠጋ በየወሩ ቤቷ ይቀራል። ማኅበሩ ወለዱን አያጣም፤ ዋናው ገንዘብ የሚዘገየው በሦስት ወር ብቻ ነው። አባላት በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ እጃቸውን አውጥተው ሊጠይቁት የሚገባ ነገር ነው።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» እንላለን፤ ተስፋ ያለው አነጋገር ነው። ዕድሉ ግን ወላጆቹ በእርግዝናው ወራት በጻፉት ወረቀት ላይም ይመሠረታል። የዕቅዱ ልክነት የሚታወቀው እናቲቱ ወደ ሥራ በምትመለስበት ማለዳ ነው። ሞግዚቷ የወር ደመወዟን እንደምታገኝ ታውቃለች፣ የስልኩ ብድር ተዘግቷል፣ የሱቁ ደብተር ንጹሕ ነው፣ የባንክ ደብተሩም ላይ ያልተነካ ገንዘብ አለ። የማኅበሩ ዕዳ ገና አላለቀም። እናቲቱ ግን ልጇን ስማ በሩን ስትወጣ የምታስበው ስለ ልጇ ብቻ ነው።