ሐኪም የመድኃኒት ነጋዴ ሊሆን ይገባዋልን?

መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም እንደ ዳኛ ነው። ዳኛ በሚፈርድበት ነገር ጥቅም ቢኖረው ፍርዱ እንደማይታመን ሁሉ፥ ሐኪምም ከሚያዘው መድኃኒት ሽያጭ ትርፍ የሚያገኝ ከሆነ ትእዛዙ ያጠራጥራል። አንዱ የሚበቃውን በሽተኛ ሦስት፥ ርካሹ የሚያድነውን ውዱን እንዲገዛ ሊያዝበት ይችላልና።

ይህ ሥጋት ዛሬ የተነሣ አይደለም። የሲሲልያ ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ በ13ኛው መቶ ዓመት ባወጣው ሕግ ሐኪም ከመድኃኒት ቀማሚ ጋራ እንዳይሻረክ፥ የራሱም መደብር እንዳይኖረው ከልክሏል። የደቡብ ኮሪያ መንግሥትም በፈረንጆች 2000 ዓ.ም. ማዘዝንና መሸጥን በሕግ ሲለያይ፥ ሐኪሞቹ ሥራ እስከ ማቆም ድረስ ተቃውመውት ነበር።

ባገራችን የቀድሞው ልማድ ሌላ ነበር። በጎጃም የባህል መድኃኒት ዐዋቂ የሆነው ደብተራ በሽታውን የሚለይ፥ ሥሩን የሚምስ፥ ቀምሞም የሚሰጥ እርሱ ራሱ ነበር። ዛሬ ግን መድኃኒት ቤት የሚከፈተው በመንግሥት ፈቃድ ነው፤ ደረጃውም ፋርማሲ፥ መድኃኒት መደብር፥ የገጠር መድኃኒት ቤት እየተባለ ሲለይ ቆይቷል።

ከወምበርማ ወይም ከደጋ ዳሞት በርበሬውን ወይም ጤፉን ሸጦ ቡሬና ፍኖተ ሰላም የሚደርስ ባላገር፥ የታዘዘለትን ወረቀት መርምሮ ማመዛዘን አይችልም። «ከዚያ ቤት ግዛ» ከተባለ ይገዛል፤ ያለው ገንዘብ ካልበቃ በሬውን ይሸጣል።

ይሁን እንጂ ክልከላው ያለ ልዩነት በገጠር ቢጸና፥ አንድ ባለሙያ ብቻ በሚገኝበት ቀበሌ በሽተኛው መድኃኒት ዐጥቶ ይቀራል። በእንግሊዝ አገር ከመድኃኒት ቤት ከ1.6 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በገጠር ለሚኖር በሽተኛ ሐኪሙ ራሱ መድኃኒት እንዲሰጠው የሚፈቀደው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ መድኃኒት ቤቶች ባሉባቸው ከተሞች የሚያዝና የሚሸጥ ፈጽሞ ይለያይ። በሌለበት ገጠር ግን ዋጋው በግልጽ ተለጥፎ፥ የታዘዘውም በመዝገብ ተጽፎ ለተቈጣጣሪ እየታየ ይፈቀድ፤ መድኃኒት ቤት በተከፈተ ጊዜም ፈቃዱ ይቅር። ሹማምትም በፈቃዱ ላይ የተጻፈውን ስም ብቻ ሳይሆን ትርፉ ወደ ማን እጅ እንደሚገባ ይመርምሩ፤ በሚስት ወይም በወንድም ስም የተከፈተ መደብር ያው የሐኪሙ መደብር ነውና። ካህናትም ሕዝቡ ወረቀቱን ይዞ ከወደደው ቤት መግዛት መብቱ እንደ ሆነ ቢያስተምሩ፥ ድኻውን ከሁለት ሕመም ያድኑታል።