እፍ በል፣ ግን ቀስ ብለህ

አስም ያለበትን ልጅ «ደረትህ እንዴት ነው?» ቢሉት መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ደህና ነኝ» ነው። አይዋሽም። ሌሊት ሲስል ማደሩን ጠዋት ይረሳዋል፤ ሮጦ ትንፋሽ ሲያጥረውም ሌላው ልጅ ሁሉ እንደዚያ የሚሆን ይመስለዋል። ሐኪሙ ደረቱን ሲያዳምጥ ያን ሰዓት ሲር ሲር የሚል ድምፅ ላይኖር ይችላል። የአየር ቧንቧው ግን ከውስጥ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ድምፅ የሌለው መቆጣት በቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ አለ፤ የሚለካው ከትንፋሽ ጋር የሚወጣውን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ነው።

የዚህ ጋዝ ስም ቀድሞ የሚነሳው ከመኪና ጭስ ጋር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 በስቶክሆልም የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪው ላርስ ጉስታፍሶንና ባልደረቦቹ ሰው በሚያስወጣው አየር ውስጥም እንዳለ አሳዩ። በ1993 ደግሞ እዚያው ሼል አልቪንግ፣ ኤዲ ቫይትስበርግና ያን ሉንድበርግ በአስም ሕሙማን ትንፋሽ ውስጥ በእጥፍና ከዚያም በላይ ከፍ ብሎ አገኙት። እጅግ ጥቂት ስለሆነ የሚቆጠረው ከቢሊዮን እጅ አየር ስንቱ እጅ እንደሆነ በማስላት ነው።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው ከመኝታ ነው። በፍራሽ፣ በትራስና በብርድ ልብስ ውስጥ ከቆዳችን የሚረግፈውን ቅርፊት እየበላች የምትኖር የአቧራ ተባይ አለች፤ ርዝመቷ የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሦ ያህል እንኳ አይሞላም። አለርጂውን በዋናነት የሚቀሰቅሰው ኩሷ ነው፤ ምግቧን የምትፈጭበት ፕሮቲን አብሮት ይወጣል። አልጋ ሲነጠፍ፣ ትራስ ሲራገፍ ብናኙ ይነሳና ጥቂት ቆይቶ ይሰፍራል። የድመት አለርጂ ጠባዩ ሌላ ነው፤ ከምራቋና ከቆዳዋ የሚወጣው ፕሮቲን ቀላል ስለሆነ አየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋል፤ በልብስ ተጣብቆ ድመት ገብታበት የማታውቀው መማሪያ ክፍል ድረስ ይሄዳል። የአበባ ብናኝ፣ ሻጋታና በረሮም ከዚሁ ወገን ናቸው። አለርጂ ያለበት ልጅ እነዚህን ሲስብ የመከላከያ ሴሎቹ የሚለቋቸው ኬሚካሎች የአየር ቧንቧውን ሽፋን ይቀሰቅሱታል፤ ሽፋኑም ጋዙን በብዛት ማምረት ይጀምራል።

ምርመራው መርፌ የለውም። ልጁ መጀመሪያ በሳንባው ያለውን አየር ያስወጣል፤ ከዚያ በመሣሪያው አፍ መግጠሚያ በኩል በጥልቀት ይስባል። የክፍሉ አየር የራሱ ጋዝ ስላለው የሚሳበው በማጣሪያ አልፎ ነው። ቀጥሎ ሲስተሯ «እፍ በል የኔ ጌታ፣ ግን ቀስ ብለህ» ትለዋለች። እፍ በል የተባለ ልጅ የልደት ሻማ የሚያጠፋ ይመስል በአንዴ ይነፋዋል። የሚፈለገው ግን በሴኮንድ 50 ሚሊ ሊትር የሚወጣ፣ የማይዋዥቅ ትንፋሽ ነው፤ ለልጅ 6 ሴኮንድ ያህል፣ ለትልቅ ሰው 10 ሴኮንድ ያህል። ስለዚህ በአንዳንዶቹ መሣሪያዎች ማሳያ ላይ ደመና ወይም ፊኛ ይታያል፤ ልጁ አጥብቆ ከነፋ ከመስመሩ በላይ ይወጣል፣ ካላላ ይወርዳል። መሣሪያው ትንፋሹን በጥቂቱ ይገታዋል። ከሁሉ የማደንቀው ይህንን ነው። በአፍንጫ ዙሪያ ያሉት የአጥንት ክፍተቶች ጋዙን ከሳንባ በብዙ እጥፍ ያመርታሉ፤ ግፊቱ የላንቃውን ለስላሳ ክፍል አንስቶ የአፍንጫውን መንገድ ስለሚዘጋው የሚለካው የሳንባው ብቻ ይሆናል።

የአሜሪካ ቶራሲክ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከቢሊዮን እጅ 20 እጅ ያልሞላ ዝቅተኛ፣ ከ35 በላይ ከፍተኛ ነው። ቁጥሩን ብቻውን ማመን ግን አደጋ አለው። ሰላጣ፣ ቆስጣ ወይም ቀይ ስር በልቶ የመጣ ልጅ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል፤ ጉንፋንና የአፍንጫ አለርጂም ያስጨምራሉ። በሌላ በኩል አስም ሁሉ ከአለርጂ አይመጣም። ዝቅተኛ ቁጥር ይዞ የሚያፍነው ልጅ አለ፤ «ቁጥሩ ጥሩ ነው» ብሎ እሱን ወደ ቤት መስደድ ትልቅ በደል ነው።

የአለርጂ ምርመራውም ብቻውን አይበቃም። በክንድ ቆዳ ላይ ከተባይዋ ወይም ከድመቷ የተዘጋጀ ፈሳሽ ጠብ ተደርጎ በስሱ ይወጋል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ቦታው ካበጠ ሰውነቱ ያንን ነገር ለይቶ አውቆታል ማለት ነው። ታሞበታል ማለት ግን አይደለም። ይህን አገራችን ውስጥ የተሠራ ሥራ አሳይቶናል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የጅማ ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በርክቶ እንዳገኘ ገልጿል። በከተማው ቆዳቸው ለአቧራ ተባይ የሚቆጣ ሰዎች ሲር ሲር የማለታቸው ነገር ጎልቶ ሲታይ፣ በገጠሩ ግን ይህ ዝምድና አልታየም። ቆዳው የሚነግረን ሰውነቱ ምን እንደሚጠላ ነው፤ ትንፋሹ ደግሞ የአየር ቧንቧው አሁን እየተቆጣ መሆን አለመሆኑን። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው ሐኪሙ የሚጨብጠው ነገር የሚያገኘው።

ለወላጅ ትልቁ ጥቅም የሚመጣው መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ትንፋሹ ዳግም ሲለካ ነው። ፓፍ የምንለው የሚሳብ መድኃኒት ሁለት ዓይነት ነው፤ ሲያፍን ቶሎ የሚከፍተው አለ፣ በየቀኑ ተወስዶ መቆጣቱን የሚያበርደው ስቴሮይድ አለ። ቁጥሩን የሚያወርደው ሁለተኛው ነው፤ በትክክል ከተወሰደ ለውጡ በሳምንታት ውስጥ ይታያል። ካልወረደ መጠን ከመጨመሩ በፊት ልጁ ፓፉን እንዴት እንደሚወስድ ሐኪሙ ፊት ያሳይ። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ቀርቷል፤ ወይም እናት «ሳሉ ቆሟል» ብላ አቋርጣዋለች፤ ሱስ ይሆንበታል ብላ የፈራችም አለች። ያኔ በፓፉና በአፉ መካከል የሚገባውን ቱቦ አሰጥቶ አጠቃቀሙን ማሳየት፣ አንሶላውንና የትራስ ልብሱን በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ውኃ ማጠብ፣ ከዚያም ልጁን እንደገና ማስነፋት ነው።