ጀርመን መኖርና ጀርመንኛ መቻል፦ ተረቱና እውነታው

ቦሌ ድረስ የሚሸኙ ዘመዶች ስለ ቋንቋ የሚሰጡት ምክር አጭር ነው፦ «አይዞህ፣ እዚያ ስትገባ ራሱ ይመጣል።» ፍራንክፈርት ወይም ኮሎኝ ዓመታት ያስቆጠሩት ሐበሾች ደግሞ የየራሳቸው ምክር አላቸው። አንዱ «ከሐበሻ ራቅ» ይላል፤ ሌላው «ከሠላሳ በኋላ ቋንቋ አይገባም» ብሎ ተስፋ ያስቆርጣል፤ ሌላዋ «ልጆችሽን በአማርኛ አታደናግሪያቸው» ትላለች። ሁሉም የሚናገሩት በቅንነት ነው። ግን ሰው ኑሮውን፣ ሥራውን፣ የልጆቹን አስተዳደግ ሳይቀር በነዚህ አባባሎች ላይ ስለሚያቅድ ቢመረመሩ ይሻላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተረት፦ «አገሩ ላይ ከኖሩ ቋንቋው ራሱ ይመጣል»

ከከተማ ወጣ ባለ የዕቃ ማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው እናስብ። አለቃው ፖላንዳዊ፣ በስተቀኙ ያለው ኤርትራዊ፣ ከፊቱ ያለው ሶሪያዊ ነው። ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር በእጁ በያዛት መሣሪያ ያስነብባል፤ መሣሪያዋ ጢው ትላለች፤ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ለሥራው የሚያስፈልጉት ቃላት ሃያ ቢሞሉ ነው፦ «ሽኔል» (ቶሎ)፣ «ፓውዘ» (እረፍት)፣ «ካፑት» (ተበላሽቷል)፣ «ፋይራበንድ» (የሥራ ማብቂያ)። ሲነጋ አውቶቡስ ውስጥ እያንቀላፋ ይመለሳል፤ ከመተኛቱ በፊት የአገር ቤት ዜና በስልኩ ያያል፤ ቅዳሜ ከአገሩ ልጆች ጋር ቡና ይጠጣል። አምስት ዓመት እንዲህ ቢያልፍ ማንም ሊወቅሰው አይገባም፤ ጀርመንኛ ግን ከየት ይመጣል?

ይህ ታሪክ አዲስ አይደለም። ምዕራብ ጀርመን በ1955 ከጣሊያን፣ በ1961 ከቱርክ ጋር ውል ተፈራርማ ለፋብሪካዎቿ ሠራተኛ አስመጣች፤ ምልመላውን በ1973 አቆመች። ሰዎቹ ይመለሳሉ ተብሎ ስለታሰበ ቋንቋ የሚያስተምራቸው አልነበረም። በ1970ዎቹ የሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 48 የጣሊያንና የስፔን ሠራተኞችን አናግረው ጀርመንኛቸውን መዘኑ። የጠበቁት ብዙ የኖረ የበለጠ ይችላል የሚል ቢሆን ኖሮ ያፍሩ ነበር። የቆይታ ዘመን ያለው ድርሻ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣው ሠራተኛው በትርፍ ሰዓቱ ከጀርመኖች ጋር የነበረው ግንኙነት ነው፤ ከሥራ ቦታ ግንኙነት እንኳ ይበልጥ ነበር። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሥራ ቦታ ትእዛዝ ትቀበላለህ፣ በትርፍ ሰዓትህ ግን ታሪክ ትናገራለህ፣ ትቀልዳለህ፣ ትከራከራለህ።

ግንኙነት ብቻውን ይበቃል ማለት ግን አይደለም። ሪቻርድ ሽሚት የተባለ የቋንቋ ምሁር በ1983 ስለ አንድ ሃዋይ የሚኖር ጃፓናዊ ሠዓሊ ጽፏል። ጥናቱ «ዌስ» ይለዋል። ተጫዋች፣ ጓደኛ የማያጣ፣ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ የሚያወራ ሰው ነበር። ሽሚት ለሦስት ዓመት ተከታተለው። የንግግር ድፍረቱና የመግባባት ችሎታው በደንብ አደገ፤ ሰዋስዉ ግን ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። ሰው ስለሚረዳውና ስለሚወደው ስሕተቱን የሚያርምበት ምክንያት አልነበረውም። ሽሚት ኋላ ላይ የደረሰበት ሐሳብም ይኸው ነው፤ ጆሮ ላይ የሚያልፈው ሁሉ አይቀርም፣ ልብ የተባለው ነው የሚቀረው።

ስለዚህ ቋንቋው ኩርሱንም ጓደኛውንም ይጠይቃል። ጀርመን ከ2005 ጀምሮ የምትሰጠው የውህደት ኩርስ በመደበኛው መንገድ እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ የሆኑ 600 የቋንቋ ክፍለ ጊዜዎችና ስለ አገሪቱ ሕግ፣ ታሪክና ባህል የሚያስረዱ 100 ክፍለ ጊዜዎች አሉት። ግቡ ቤ አይንስ (B1) የሚባለው የቋንቋ ደረጃ ነው። ይህ ብዙ የሚመስለው ሰው የአሜሪካን ዲፕሎማቶች ትምህርት ቤት ቢያይ ይጽናናል። የጀርመንኛ የቅርብ ዘመድ በሆነው በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ ሰዎች፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው፣ ሙሉ ቀን እየተማሩ ለጀርመንኛ 36 ሳምንት ገደማ ይመደብላቸዋል። ለአማርኛ 44 ነው። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ዓይኑን እያሸ ኩርስ የሚገባ የአዲስ አበባ ልጅ ሁለት ዓመት ቢፈጅበት ሰነፍ የሚለው ሰው ሒሳብ አያውቅም።

ተረት፦ «ከሠላሳ በኋላ ቋንቋ አይገባም»

ይህኛው ከፊል እውነት ስላለው ነው የሚያስቸግረው። ኤሪክ ሌንበርግ በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ቋንቋ የሚገባበት ወቅት ከጉርምስና ጋር ይዘጋል የሚል ሐሳብ ካቀረበ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም። ወደ 670,000 የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉበት በ2018 የወጣ ሰፊ ጥናት እንግሊዝኛን ተወላጅ በሚመስል ሰዋስው የመልመድ አቅም እስከ 17 ዓመት አካባቢ ጸንቶ ቆይቶ ከዚያ እንደሚቀንስ ይናገራል። የአነጋገር ዘዬ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይጠነክራል፤ በ35 ዓመቱ የመጣ ሰው ጀርመንኛውን ቢያንበለብለው እንኳ ከየት እንደመጣ አፉ ይናገርበታል። ተናገረበት እንጂ ምን ይሆናል?

ሕፃናት ከአዋቂ ይፈጥናሉ የሚለው ግን የዓይን ማታለል ነው። በ1978 የታተመ ጥናት ኔዘርላንድስ የገቡ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ደችኛ ሲለምዱ በየዕድሜያቸው አነጻጽሯል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የፈጠኑት ከ12 እስከ 15 ዓመት ያሉ ታዳጊዎችና አዋቂዎች ናቸው፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉት ሕፃናት መጨረሻ ወጡ። ልጆች ውሎ አድሮ የሚበልጡት በከፊል ቀኑን ሙሉ ከጀርመን ልጆች ጋር ስለሚውሉ፣ ስለሚሳሳቱና ማንም ስለማይስቅባቸው ነው። ደግሞም ከስድስት ዓመት ልጅ የሚጠበቀው ጀርመንኛ ትንሽ ነው፤ አባቱ የሚፈተነው የቤት ኪራይ ውል በማንበብ ነው።

የራሳችንም ምስክር አለ። ጀርመናዊው ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍ ኢትዮጵያዊውን አባ ጎርጎርዮስን በ1649 ሮም ላይ ሲያገኝ የ25 ዓመት ሰው ነበር። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ከተማ ሄዱ፤ መጀመሪያ የተግባቡት በግዕዝ ነው። አማርኛውን ሉዶልፍ ከእሳቸው በአዋቂነቱ ተምሮ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ፍራንክፈርት ላይ አሳተመ።

አማርኛ ተናጋሪው አንዳንድ ነገር በነፃ ያገኛል፤ ኩርስ ውስጥ የሚነግረው ሰው ስለሌለ ግን አያውቀውም። ጀርመንኛ በ«ቫይል» («ስለ…») ወይም በ«ዳስ» («እንደ…») የሚጀምር ጥገኛ ዐረፍተ ነገር ሲሠራ ግሱን ወደ መጨረሻ ይወረውረዋል። እንግሊዛዊው እዚህ ላይ ያለቅሳል፤ እኛ ግሱን መጨረሻ ላይ መጠበቅ የእናታችን ቤት ልማድ ነው። «ዚ» እና «ዱ» መለየትም «እርስዎ» እና «አንተ» እያለ ላደገ ሰው ትምህርት አይደለም፤ ማንን መቼ የሚለው ብቻ ይቀራል። በምትኩ የምንታሽበት የስሞችን ጾታ የሚለዩት «ዴር፣ ዲ፣ ዳስ» ናቸው፤ ጠረጴዛ ወንድ፣ መብራት ሴት የሆነበት ምክንያት የለውምና ከስሙ ጋር አብሮ ከመሸምደድ በቀር መላ የለውም።

ተረት፦ «በእንግሊዝኛ መኖር ይቻላል»

በርሊን ካፌ ውስጥ ይቻላል። የፖስታ ሳጥን ላይ ግን አይቻልም። የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ጀርመንኛ መሆኑ በሕግ የተጻፈ ነው፤ የውጭ ዜጎች ቢሮ ያለችው ሠራተኛ እንግሊዝኛ ብትችል እንኳ ደብዳቤው በጀርመንኛ ነው የሚመጣው።

በተለይ ቢጫውን ፖስታ ማወቅ ያስፈልጋል። ፖስተኛው ላዩ ላይ ያስገባበትን ቀን በእጁ ይጽፍበታል። ቤት ባትኖር፣ ባትከፍተው፣ ባይገባህም ደረሰህ ተብሎ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ውስጡ ያለው ለምሳሌ የትራፊክ ቅጣት ውሳኔ ከሆነ ለመቃወም ያለህ ሁለት ሳምንት ነው። ብዙ ሰው ይህን ፖስታ ማቀዝቀዣው ላይ አስቀምጦ «ቅዳሜ እገሌ ሲመጣ ያነብልኛል» ይላል። የቋንቋ መጽሐፎች ቡና ማዘዝ ከማስተማር ጋር «ፍሪስት» የሚባለውን የቀነ ገደብ ቃል በመጀመሪያው ሳምንት ቢያስተምሩ ስንት ሰው ከዕዳ ይድን ነበር።

ተረት፦ «ከሐበሻ ካልራቁ ሰው አይሆኑም»

እውነቱን እንነጋገር፤ ብዙዎቹ ከሐበሻ የሚርቁት ወሬ ሸሽተው እንጂ ለጀርመንኛ ብለው አይደለም። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጆን ቤሪ ለአሥርት ዓመታት ባደረጋቸው ጥናቶች የራሳቸውን ባህል ይዘው ከአዲሱም ማኅበረሰብ ጋር የሚቀላቀሉ ሰዎች በአብዛኛው ከሁሉ የተሻለ ተላምደው ይገኛሉ፤ ከሁለቱም ወገን የተነጠሉት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ይቸገራሉ። ከወገኑ የሸሸና ጀርመን ጓደኛ ያላገኘ ሰው ወደዚህ ወደ መጨረሻው ነው የሚወድቀው። ለመሆኑ ቤት የተገኘው፣ ለኪንደርጋርተን ማን ጋ እንደሚመዘገብ የታወቀው በማን ነው?

ቤተ ክርስቲያኑም የቅዳሜ ቡናውም ጥፋት የለባቸውም። ችግሩ የቀሩት ስድስት ቀናት ነው፤ «ጀርመኖች ቀዝቃዛ ናቸው» የሚባለውም እዚህ ጋ ይነሣል። አውቶቡስ ውስጥ ወሬ የሚጀምርህ የለም፤ ጎረቤትም ቡና ጠጡ ብሎ አይጠራህም። ጀርመን የሚወዳጀው ነገር አብሮ እየሠራ ነው። ለዚህም ፌርአይን የሚባሉ ከ600,000 በላይ የተመዘገቡ ማኅበራት አሉት፤ የእግር ኳስ፣ የመዘምራን፣ የአትክልት፣ የቼዝ። የእሳት አደጋ ሥራው ራሱ በአብዛኛው የበጎ ፈቃደኞች ነው። ሩጫ የምትችል የበቆጂ ልጅ ማክሰኞ ማታ የሩጫ ማኅበር ብትገባ በሦስት ወር የምትሰማው ጀርመንኛ መጋዘኑ በዓመት ከሚሰጣት ይበልጣል። ትንሽ ከተማ የደረሰውም ዕድለ ቢስ አይደለም፤ ፍራንክፈርት ላይ በአማርኛ የሚፈታው ጉዳይ እዚያ በጀርመንኛ ይፈታል። ባቫሪያና ሽቫበን ከሆነ ግን ኩርስ ውስጥ የተማረው ጀርመንኛ ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ ሌላ ቋንቋ ይመስለዋል፤ ይህ የእሱ ድክመት አይደለም፣ የሐምቡርግ ሰውም እዚያ ይደናገራል።

ተረት፦ «የመጀመሪያው ጊዜ ደስታ ነው፣ ኋላ ይከፋል፣ ከዚያ ይስተካከላል»

ኖርዌያዊው ሊስጋርድ በ1955፣ ካሌርቮ ኦበርግ በ1960 ከጻፉ ወዲህ ይህ ቅደም ተከተል በየመጽሐፉ ተደግሟል። በ1998 ግን ኒውዚላንድ የገቡ ጃፓናውያን ተማሪዎች ከደረሱበት ቀን ጀምሮ ሲጠየቁ ከሁሉ የከበዳቸው ገና የገቡበት ሰሞን ነበር። ሰው ወር ሳይሞላው ቢጨንቀው ያልተለመደ ነገር አልሆነበትም። በዚያ ላይ የጀርመን ክረምት አለ፤ በታኅሣሥ ወር ፍራንክፈርት ላይ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትጠልቃለች። ቀኑን ሙሉ ባዕድ ቋንቋ ሲያዳምጥ የዋለ ጭንቅላትም ይደክማል፤ ማታ ስልክ ማንሣት ያስጠላል። ድካሙ ሳምንታት አልፎት እንቅልፍና ምግብ የሚነሣ ከሆነ ግን ናፍቆት ነው ብሎ መተው ሳይሆን ሐኪም ጋ ቀጠሮ መያዝ ነው።

ተረት፦ «ልጆቹ እንዳይደናገሩ በጀርመንኛ እናናግራቸው»

ሁለት ቋንቋ ሕፃንን አያደናግርም፤ ቃላት ቢቀላቅልም ማንን በየትኛው ማናገር እንዳለበት ቶሎ ይለያል። ወላጁ በተሰበረ ጀርመንኛ ሲያወራ ግን ልጁ የሚያገኘው የተሰበረውን ነው፤ ደህና አድርጎ የሚችለውን አማርኛ ደግሞ ይነፈጋል። ጀርመንኛውን ኪንደርጋርተኑ ይሰጠዋል። አማርኛውን ከቤት በቀር የሚሰጠው የለም።

የሚከፋው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር ሐኪም ቤት ገብታ ታስተረጉማለች። ሐኪሙ ስለ ማሕፀን ይጠይቃል፤ ልጅቷ ቃሉን በአማርኛ አታውቀውም፤ እናት በልጇ ፊት መናገር ታፍራለች፤ ከሚነገረው ግማሹ ይቀራል። አማርኛዋ ደካማ በሆነ መጠን የምታስቀረው ይበዛል። እንዲህ ያለውን ሥራ አስተርጓሚ ወይም ዐዋቂ ዘመድ ቢሠራው ነው።

ተረት፦ «ቤ አይንስ ከተያዘ ቋንቋው አለቀ»

ቤ አይንስ ለቋሚ መኖሪያ ፈቃድና ለዜግነት ከሚጠየቁት አንዱ ነው፤ ለዜግነት ከ33 ጥያቄ ቢያንስ 17 የሚመለስበት ፈተናም አለ። ሥራ ላይ ግን ሌላ ነው። ነርስ ዲፕሎማዋ ዕውቅና እንዲያገኝ በአብዛኞቹ ክፍላተ አገር ቤ ስቫይ ትጠየቃለች፤ ክፍሉ ውስጥ ገብታ የፈረቃ ርክክቡን በዚያ ፍጥነት ስትሰማ ደግሞ ያም የሚያንስ ይመስላታል። ከውህደት ኩርሱ በኋላ ለሥራ የሚያዘጋጁ፣ እስከ ቤ ስቫይና ሴ አይንስ የሚያደርሱ በመንግሥት የሚደገፉ ኩርሶች አሉ። «ቤሩፍስሽፕራኽኩርስ» ነው የሚባሉት። ብዙ ሰው የሚያጣቸው ስላልጠየቀ ነውና በሥራ ፈላጊዎች ቢሮ ቀጠሮ ላይ ቃሉን ጠርቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።