በቆሎን ከአገዳ ቆርቁርና ከተምች የሚጠብቁ ዕፅዋት

የአገዳ ቆርቁር ለበቆሎ አብቃይ አርሶ አደሮች የቆየ ጠላት ነው። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መጤ ተምች ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ችግሩን አባብሶታል። የሁለቱም ትሎች ወደ በቆሎው ለጋ ቅጠልና አገዳ ውስጥ ዘልቀው ስለሚመገቡ የሚረጨው ኬሚካል በቀላሉ አያገኛቸውም። ርጭቱን መደጋገም ለአነስተኛ ማሳ ባለቤት ከባድ ወጪ ነው፤ ያለ መከላከያ ልብስ ሲረጭም ጤናን ይጎዳል።

ለዚህ አማራጭ የሆነው «ፑሽ ፑል» ወይም የመግፋትና የመሳብ ዘዴ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያበለጸጉት መቀመጫው ናይሮቢ የሆነው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል (ኢሲፔ) እና የእንግሊዙ ሮተምስቴድ ተቋም ናቸው።

አሠራሩ በሁለት ዕፅዋት ላይ ይመሠረታል። በበቆሎው መስመሮች መካከል ደስሞዲየም የተባለ የመኖ ተክል ይዘራል፤ ሽታው እንቁላል ለመጣል የምትመጣውን የእሳት እራት ያርቃል። በማሳው ዙሪያ ደግሞ የዝሆን ሳር ይተከላል፤ እራቷን ወደ ራሱ ይስባል። በሳሩ ላይ የሚፈለፈሉት የአገዳ ቆርቁር ትሎች አብዛኞቹ ሳያድጉ ይሞታሉ። ደረቅ በሆኑ አካባቢዎች በዝሆን ሳር ፈንታ ብራካሪያ ሳር ይመረጣል።

ደስሞዲየም አቀንጭራንም ይከላከላል። ከሥሩ የሚወጣው ንጥረ ነገር የአቀንጭራን ዘር አብቅሎ በበቆሎው ሥር ላይ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። ተክሉ ጥራጥሬ ነክ በመሆኑ የአፈሩን ናይትሮጅን ይጨምራል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንዛኒያ ጥናት በዚህ ዘዴ በለሙ ማሳዎች በአንድ በቆሎ ላይ የሚገኘው የመጤ ተምች ትል፣ በቆሎ ብቻ ከተዘራባቸው ጋር ሲነጻጸር፣ በ82.7 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

ዘዴው ትዕግሥት ይጠይቃል። ደስሞዲየም በመጀመሪያው ክረምት ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ከአረም ጋር እንዳይታጨድ በጥንቃቄ በእጅ ማረም ያስፈልጋል። ሁለቱም ዕፅዋት አንዴ ከያዙ ግን ለዓመታት ያገለግላሉ። ማሳው ከ50 በ50 ሜትር ከበለጠ ከፋፍሎ እያንዳንዱን በሳር መክበብ ይገባል።

ዘዴው ለከተማ ነዋሪም ይጠቅማል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የእንጦጦ ጫፍ ለበቆሎ ብርዳማ ነው፤ ከሥሩ ባሉት የየካ መንደሮች ግን በጓሮው በቆሎ የሚዘራ አይጠፋም። 10 በ10 ሜትር በሆነ ቦታ እንኳ ዘዴውን መተግበር ይቻላል። ላም ላለው ቤተሰብ ደግሞ የታጨደው ሳርና ደስሞዲየም በገንዘብ የሚገዛውን መኖ ይቀንስለታል።